ያለ ጊዜው የሚወልቅ ጥርስ

የወተት ጥርስ የጥቂት ዓመታት እንግዳ ስለ ሆነ ዛሬ ቢነቀል ምን ይጎዳል፥ ነገም መውለቁ አይቀርም የሚሉ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን በዚህ አሳብ አልስማማም። የማልስማማበትንም ምክንያት ለጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ የወተት ጥርስ ሥራው ምንድን ነው? ሕፃን በተወለደ በ6 ወር ገደማ የታች የፊት ጥርሶቹ ብቅ ይላሉ፤ 3 ዓመት እስኪሞላው ድረስ 20ዎቹም በቅለው ያልቃሉ። ከነዚህ ውስጥ ከፊት ያሉት 8 ጥርሶች ከ6 እስከ 8 ዓመት፥ 4ቱ ክራንቻዎች ደግሞ ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ በየተራቸው ይወልቃሉ። እስከዚያ ድረስ ግን ሥራ ፈቶች አይደሉም። ሕፃኑ ይነክስባቸዋል፤ መናገር ይማርባቸዋል፤ ከዚህም በላይ ከሥራቸው ለሚያድገው ቋሚ ጥርስ ቦታ ይጠብቁለታል። ጠባቂው ቀድሞ ከሄደ ጎረቤት ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ይጠጋሉ፤ ባለቤቱ ሲመጣ ቦታው ተይዞ ስለሚያገኘው ተጣሞ ወይም ተደርቦ ይበቅላል። ይህ ጉዳት በተለይ በክራንቻና በመንጋጋ ጥርስ ላይ ይበረታል። ከፊት ያሉት ጥርሶች በጣም ቀድመው ሲወልቁ ደግሞ ድዱ እየጠነከረ ስለሚሄድ ቋሚው ጥርስ ሊዘገይ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ንግግር ነው። “ፈ” ለማለት የታች ከንፈራችን የላይ ጥርሳችንን መንካት አለበት፤ “ሰ” እና “ዘ”ም ያለ ጥርስ ጥርት ብለው አይጠሩም። እርግጥ ነው፥ ብዙዎቹ ልጆች ውለው አድረው ይለምዱታል። ነገር ግን የ7 ዓመት ልጅ ጥርሱ ቢወልቅ ጓደኞቹም እንደ እርሱ ስለ ሆኑ አብሮ ይስቃል፤ በ3 ዓመቱ የወለቀበት ግን ለብዙ ዓመታት ብቻውን “ወላቃ” እየተባለ ይኖራል። አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚስቅ፥ ጮክ ብሎ ለማንበብም የሚያፍር ልጅ ያየ ሰው ነገሩ ቀላል ነው አይልም።

ጥርስን ያለ ጊዜው የሚያሳጡት ነገሮች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛው መውደቅ ነው፤ እየዳኸ የሚያድግ ልጅ መውደቁ ስለማይቀር በዚህ ማንንም አልወቅስም። ሁለተኛው ጣፋጭ ነው። ስኳር የገባበት ወተት ወይም ሻይ በጡጦ እየጠባ የሚያንቀላፋ ሕፃን የላይ የፊት ጥርሶቹ ቀድመው ይበሰብሳሉ። ሦስተኛውና እኔን እጅግ የሚያሳዝነኝ ግን ጤነኛውን ጥርስ ሆን ብሎ ማስነቀል ነው።

በአገራችን በብዙ ስፍራ ሕፃን ሲያስቀምጠው፥ ሲያስመልሰውና ሲያተኩሰው ምክንያቱ በክራንቻው ቦታ ያበጠው ድድ ነው ይባላል። ከዚያም ነቃይ ተጠርቶ ድዱን በስለት ቀዶ ገና ያልጠነከረውን የጥርስ ቡቃያ ያወጣል። ነጭና ለስላሳ ስለ ሆነም የበሽታው ምንጭ ተገኘ ይባላል። የወጣው ግን ሌላ ነገር ሳይሆን የልጁ የራሱ ጥርስ ነው። ይህ በእውነት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ባልተቀቀለ ስለት የተቀደደ ድድ ይደማል፥ ያመረቅዛል፤ መንጋጋ ቆልፍና በደም የሚተላለፉ በሽታዎች ሊገቡበት ይችላሉ፤ በዚሁ የሚሞትም አለ። ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽ ወይም ጭራሹን ሳይበቅል ሊቀር ይችላል። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣ የእስራኤል የጥርስ ሐኪሞች ጥናት ከኢትዮጵያ በሄዱ የቤተ እስራኤል ልጆች አፍ ውስጥ የጎደለ ክራንቻና የተበላሸ ጥርስ መገኘቱን አስረድቷል። አገር ቢለወጥም ጠባሳው አብሮ ተሰደደ ማለት ነው።

“እኔ ግን አስነቅዬ ልጄ ድኖልኛል” የሚሉ እናቶች አሉ። ውሸት አላሉም፤ ልጁ ድኗል። ነገር ግን አብዛኛው የሕፃናት ተቅማጥ በጥቂት ቀን ውስጥ በራሱ ይቆማል። ምስጋናውን የወሰደው ነቃዩ ነው፤ ያዳነው ግን የልጁ ሰውነት ነው። ታዲያ ተቅማጡ ለምን ጥርስ በሚያበቅልበት ጊዜ ይመጣል ቢሉ፥ ሕፃኑ በዚያው ወራት ይድኻል፥ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል፥ ከጡት ሌላ ምግብም ይጀምራል። ጥርሱና በሽታው በአንድ ወቅት መጡ እንጂ አንዱ ሌላውን አልወለደውም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በጎጂ ልማድ ሕፃናትን የሚጎዳ ሰው እንዲቀጣ ደንግጓል። እኔ ግን ከቅጣቱ ይልቅ ምክር ይቅደም እላለሁ፤ ልጃቸውን ለነቃይ የሚሰጡት ወላጆች ከፍቅርና ከጭንቀት እንጂ ከክፋት አይደለምና።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፥ ልጅ ሲያስቀምጠው ጡቱ አይቋረጥበት፤ በንጹሕ ውሃ የሚበጠበጠው ኦ.አር.ኤስ. ይሰጠው፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ። የተበላሸ ጥርስ መነቀል ካለበትም የጥርስ ሐኪም አይቶ ይወስን።

እናንተም ጓደኞቼ፥ በየቤታችን ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች አሉን። ነቃዩ ሲጠራ ዝም ብለን ብናይ የተማርነው ለፈተና ብቻ ነው ማለት ነው። እናቶቻችንንና አያቶቻችንን በትሕትና እንለምናቸው፤ አንድ ቀን ቢታገሡልን ሕፃኑን አዝለን ወደ ጤና ጣቢያ የምንወስደው እኛው እንሁን።