ለወላጁ መድኃኒት አለ፤ ለቤቱስ?

በአሜሪካ የኦፒዮይድ፣ ማለትም የሄሮይንና የመሰሎቹ ኃይለኛ ሕመም ማስታገሻዎች፣ ቀውስ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ሟች ነው። መቆጠሩ ተገቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ዕፅና መድኃኒት ከልክ በላይ ወስደው የሞቱት ከ107 ሺህ በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹን የገደለው ፌንታኒልን የመሰለ ኦፒዮይድ ነው። በ2024 የሟቾቹ ቁጥር ወደ 80 ሺህ ገደማ መውረዱ ትልቅ እፎይታ ነው። ከሟቹ ኋላ የቀረውን ግን የሚቆጥር ጥቂት ነው። አንድ ጥናት ከ2011 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት ከ321 ሺህ በላይ ልጆች እናት ወይም አባታቸውን በዚህ መንገድ እንዳጡ ገምቷል። ወላጃቸው በሕይወት እያለ በሱስ የተያዘባቸው ልጆች ደግሞ ከዚህ ቁጥር ውስጥ አልገቡም። እኔን የሚያሳስበኝ የእነዚህኞቹ ቤት ነው። ከሱስ በማገገም ላይ ላለ ወላጅ በኢንተርኔት የሚሰጥ የልጅ አስተዳደግ ድጋፍ ገንዘብ ሲተርፍ የሚታሰብ ተጨማሪ ነገር መሆን የለበትም፤ የሕክምናው አካል ሆኖ ወጪውም እንደ መድኃኒቱ ሊሸፈን ይገባል።

መድኃኒቱ ይቅደም። ለኦፒዮይድ ሱስ የሚሰጡት ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የመሞትን ዕድል በግማሽ ገደማ እንደሚቀንሱ ተደጋግሞ ታይቷል፤ ይህን የሚተካ ምክር የለም። ይሁንና መድኃኒቱ አምሮቱን ያበርዳል እንጂ ቤቱን አያሰናዳም። ወላጁ በሱስ በቆየባቸው ወራት ልጁ ታናሹን ማብላት፣ ለአስተማሪው መዋሸት፣ ሌሊት የእናቱን ትንፋሽ ማዳመጥ ተምሯል። እናቱ አገግማ "ተኛ፣ ተነሣ፣ አጥና" ስትለው አልታዘዝ የሚላት በክፋት አይደለም፤ ቃሏን ለማመን ምክንያት ስላጣ ነው። እሷም ጸጸት እያንገበገባት ዛሬ ሁሉን ትፈቅድለታለች፣ ነገ በትንሹም በትልቁም ትቆጣዋለች። ሱስ የሚያገረሸው እንዲህ ባለ ጭንቀት ውስጥ ነው። በሲያትል የሜታዶን ታካሚ ለሆኑ ወላጆች የቤት ሥርዓት ማስያዝንና ከልጅ ጋር መነጋገርን ያስተማረ መርሐ ግብር ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ሥልጠናውን ያገኙት ወላጆች የሄሮይን አጠቃቀም ካላገኙት ያነሰ ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ልጆቻቸው ሲጠኑም ወንዶቹ በሱስ የመያዝ ዕድላቸው ቀንሶ ተገኘ፤ በሴቶቹ ላይ ግን ያን ያህል ልዩነት አልታየም። ትምህርቱ ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለወላጁ ማገገምም የጠቀመ መሆኑን ልብ ይሏል። አዲስ በተወለዱት ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በማኅፀን ሳሉ ለኦፒዮይድ የተጋለጡ ሕፃናትን በመመገብ፣ በማስተኛትና በማባበል ላይ ያተኮረ፣ ወላጅ ከጎናቸው እንዲሆን የሚያበረታታ እንክብካቤ በ26 ሆስፒታሎች ተፈትኖ፣ ሕፃናቱ ወደ ቤት ለመሄድ ብቁ እስኪሆኑ የሚፈጅባቸው ጊዜ ከ15 ቀን ገደማ ወደ 8 ቀን ወርዷል።

በኢንተርኔት ለምን ይሁን? ቀውሱ ክፉኛ ከጎዳቸው አካባቢዎች መካከል የአፓላቺያ ተራራማ ወረዳዎች ይገኙበታል፤ እዚያ ክሊኒክ የሚገኘው ረጅም መንገድ ከተነዳ በኋላ ነው። ማለዳ ለሜታዶን የሄደች እናት ሥራዋን ውላ፣ ማታ ልጇን ለሰው ትታ ለአስተዳደግ ትምህርት እንደገና ትሄዳለች ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ከርቀቱ የሚብሰው ግን ፍርሃቱ ነው። "ልጅ ማሳደግ አቅቶኛል" ብሎ ቢሮ ውስጥ መናገር ልጅን ያስነጥቃል ብለው የሚሰጉ ወላጆች ዝምታን ይመርጣሉ። የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዓመታት በአካል ሲሰጥ የኖረ የቤተሰብ ድጋፍን ወደ ስልክና ኮምፒዩተር አምጥተው፣ ኦፒዮይድ ላስቸገራቸው እናቶች እንዲስማማ አድርገው አዘጋጅተውታል። እናቲቱ ልጇ ከተኛ በኋላ አጭር ትምህርት ትከታተላለች፤ አማካሪ ይደውልላትና የሞከረችውን ትነግረዋለች። በእኔ እምነት ነገሩን የሚያቆመው ይህ የሰው ድምፅ ነው። ከአማካሪ ጋር የተሰጠ ትምህርት ብቻውን ከተተወው ይልቅ ወላጆች እስከ መጨረሻው የሚከታተሉት ነውና፣ ቪዲዮ ጭኖ "ድጋፍ ሰጥተናል" ማለት ማታለል ይሆናል።

አንዳንዶች የሲያትሉ ውጤት የተገኘው በአካል በመገናኘት ነው ይላሉ፤ እውነት ነው፤ የኢንተርኔቱ ማስረጃም ገና ወጣት ነው። ምርጫው ግን ብዙ ጊዜ በአካል በሚሰጥና በኢንተርኔት በሚሰጥ ድጋፍ መካከል ሳይሆን በኢንተርኔቱና በባዶ እጅ መካከል ነው። ከበድ ያለው ተቃውሞ የልጁን ደኅንነት ይመለከታል፦ በስክሪን የሚታይ ቤት አደጋውን ሊደብቅ ይችላል። ይህ ሥጋት ሊናቅ አይገባም፤ አማካሪው የአደጋ ምልክት ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ለእናቲቱ ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ ሊነገራት ይገባል። ነገር ግን ማንም የማያየው ቤት በሳምንት አንድ ጊዜ ከሚታየው ቤት ይልቅ ለልጁ አደገኛ ነው። ሦስተኛው የኢንተርኔት ዋጋ ነው፤ 23 ሚሊዮን ያህል ቤተሰቦችን ይደጉም የነበረው የፌዴራል መርሐ ግብር በ2024 ገንዘቡ አልቆ መቆሙ በደል ነው። መክፈያ ግን አለ። ከመድኃኒት አምራቾች፣ አከፋፋዮችና ሻጮች ጋር የተደረጉት የፍርድ ቤት ስምምነቶች ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ናቸው። በ2018 የወጣው የፌዴራል ሕግም ለማደጎ ይውል የነበረ ገንዘብ ልጁ ከቤቱ ሳይወጣ ለሱስ ሕክምናና ለወላጅነት ሥልጠና እንዲውል ፈቅዷል።

ነገሩ እኛንም ይነካል። በዋሺንግተን ዲሲና በአካባቢው በሺዎች የሚቆጠሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ይኖራሉ፤ ሱስ ገመና ተብሎ በሚሸፈንበት ማኅበረሰባችን በማታ፣ በስልክ፣ ጎረቤት ሳያይ የሚገኝ ድጋፍ ከማንም በላይ ይጠቅማል። ከተማዋ በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ተናጋሪዎች በቋንቋቸው እንዲገለገሉ መብት ሰጥቷል። ስለዚህ ለሱስ ሕክምና የሚመደበው በጀት በአማርኛ የተዘጋጀ የወላጅ ትምህርትና አማርኛ የሚናገር አማካሪ ይያዝለት። አለዚያ በየክሊኒኩ እንደለመድነው እንግሊዝኛ የሚችለው ልጅ አስተርጓሚ ይሆናል፤ የአባቱን ሱስ ለሐኪም የሚያስረዳው፣ ስለ ራሱ አስተዳደግ የሚሰጠውን ምክርም ለአባቱ የሚተረጉመው እሱ ይሆናል።