ሦስት ሰዓት ላይ የምትወጣ ፀሐይ



ከሐራ ተነሥቶ ባሕር ለሚሻገር ሰው መንገዱ ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው። ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል። ጅዳም ይድረስ ሪያድ የመርሳ ወይም የወልድያ ልጅ አያጣም፤ ማታ አንድ ትሪ ከብቦ የሚበላው፣ ቢታመም የሚጠይቀው አለው። ዛሬ የምናወራው ግን ሰው ብቻውን ስለሚሄድበት፣ ብርድና ዝምታ ስለበዛበት የሰሜን አገር ነው። የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደዚያ ለመሄድ የሚሰናዱ ልጆችና ወላጆቻቸው «ኑሮው እንዴት ነው?» እያሉ ስለሚጠይቁን፣ ፊንላንድ ውስጥ አንድ የብርድ ወራት ያሳለፍነውን እንነግራችኋለን። «እኛ» ማለታችን የዓምዱ ልማድ ሆኖ ነው እንጂ አውሮፕላን የተሳፈርነው አንድ ራሳችን ነበርን።

ሐራ ላይ የእጅ ሰዓት የሌለው ሰው ሰዓት አይጠፋበትም። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት ገደማ ትገባለች፤ የሰዓት አቆጣጠራችንም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ሄልሲንኪ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 60 ዲግሪ ላይ ናት። በታኅሣሥ ወር፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ፀሐይ ከጧቱ 3 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወጥታ ከቀኑ 9 ሰዓት ከሩብ ገደማ ትጠልቃለች። ደመናው ስለማይገለጥ መውጣቷም ብዙ ቀን በወሬ ነው። ዙህር ተሰግዶ ምሳ ሳይበላ ዐስር ይገባል፤ ዐስርን ሰግደው ጥቂት ሲቆዩ መግሪብ ነው። ወደ ሰሜን ጫፍ፣ ኡትስዮኪ ወደሚባለው ወረዳ የዘለቀ ሰው ደግሞ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ ድረስ ለ50 ቀን ያህል ፀሐይ የምትባል አያይም። በበጋቸው ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ፀሐይ አትጠልቅም። ስለዚህ ጾምና ሶላት እንዴት እንደሚሰላ ዑለማዎች ተወያይተውበታል፤ ቅርብ ባለ ከተማ ሰዓት ይታሰብ ያሉም፣ በመካ ሰዓት ይታሰብ ያሉም አሉ።

ጉዳዩ ለሙስሊሞች አዲስ አይደለም። አሕመድ ኢብን ፈድላን እ.ኤ.አ. በ921 ከባግዳድ ከኸሊፋው ተልኮ በማግሥቱ ዓመት በቮልጋ ወንዝ አጠገብ ወደነበሩት ቡልጋሮች ደረሰ። አንድ ቀን ከባግዳድ ወደዚያ ከመጣ ልብስ ሰፊ ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው የዒሻን አዛን እየጠበቁ ጥቂት ሲጫወቱ አዛን ሰሙ። ወጥተው ቢያዩ ጎህ ቀዷል፤ አዛኑ የሱብሒ ነበር። ሙአዚኑም ሱብሒ እንዳያመልጠው ፈርቶ አንድ ወር ሙሉ ሌሊት እንዳልተኛ ነገረው። ሰው ሁሉ የሚደነቀው በሌሊቱ ማጠር ነው፤ እኛ ግን የምናስበው ልብስ ሰፊውን ነው። ኢብን ፈድላን መልእክተኛ ነው፣ ጓዶች ነበሩት። ያ ሰው የአገሩን ሰው ድምፅ ሳይሰማ ስንት ዓመት ቆይቶ ይሆን?

ይህን የምንለው ዝምታውን ስለቀመስነው ነው። አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች እርስ በርስ ተራርቀው ይቆማሉ፤ ባቡር ውስጥ ባዶ ወንበር እያለ ከሰው ጎን የሚቀመጥ የለም። በቀደሙት ቀናት «ጠልተውን ይሆን?» ብለን ነበር። አንድ ጧት በረዶ ላይ ተንሸራተን በጀርባችን ወደቅን። አንድ ሽማግሌ መጥተው አነሡን፣ ኮታችንን አራገፉልን፣ ቦርሳችንን አንሥተው ሰጡንና አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝምታቸውን በክፉ አልተረጎምነውም። ሰውን አለማስቸገር አክብሮት ነው ብለው የሚያምኑ ሕዝቦች ናቸው።

ቢሆንም ዝምታው ደግ ስለሆነ አይከብድም ማለት አይደለም። ፊንላንዶች በነፍስ ወከፍ ብዙ ቡና ከሚጠጡት የዓለም ሕዝቦች ግንባር ቀደም ናቸው። እናታችን ይህን በስልክ ሲሰሙ ደስ አላቸውና «ታዲያ ከማን ጋር ትጠጣለህ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ጎረቤት ለሚጠራ የወሎ ሰው፣ ብቻ የሚጠጣ ቡና ቡና መሆኑንም እንጃ።

የሚያሳፍር ቢሆንም የባሰውን እንናገር። በሦስተኛው ሳምንት ከአልጋ መነሣት አቃተን። ፀሐይ እስክትወጣ 3 ሰዓት የሚያልፍበት አገር፣ ሱብሒ ለማንኛውም ሰነፍ በሚመች ሰዓት ላይ እያለ፣ እኛን አመለጠን። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ከዚያ መቁጠር ተውን። እናታችን «ሶላትህንስ?» ሲሉን «አልሐምዱሊላህ» ብለን አለፍነው። ሐኪሞች የጨለማው ወራት ሰውን እንደሚያደክምና እንደሚያስተክዝ ያውቃሉ፤ ቫይታሚን ዲ እንዲወሰድም ይመክራሉ። ይህን ቀደም ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም።

ያነሣን ጁምዓ ነው። አንድ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ መስገጃ እንዳለ ሰምተን ሄድን። እ.ኤ.አ. ከ1990 አንሥቶ ወደ ፊንላንድ የመጡ ሶማሌዎች ብዙ ናቸውና ከሶላት በኋላ አንድ ሶማሌ አባት «ሐበሻ?» ብለው ጠየቁን። ሻይ ቀዱልን። በተሰባበረ ዓረብኛ የተጨዋወትነው ግማሽ ሰዓት ከሁለት ወር ወሬ በልጦብን ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ብንቀር ስልክ የሚደውል ሰው አገኘን። የታታሮቹን ታሪክም የሰማነው እዚያው ነው። ከቮልጋ አካባቢ የተነሡ ታታር ነጋዴዎች በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጨርቅና ለምድ ይዘው ፊንላንድ ገቡ። ቀስ በቀስም ዘመድና የመንደር ሰው እያስመጡ በረከቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ማኅበራቸውን በሕግ አስመዘገቡ፣ በ1940ዎቹም ያርቨንፓ በምትባል ከተማ ከእንጨት የተሠራ መስጊድ አቆሙ።

ስለዚህ ልጁን የሚሸኝ ወላጅ በርበሬና ሽሮውን ከመቋጠሩ በፊት ጁምዓ የት እንደሚሰገድ ያጠያይቅለት። የሱፍ የውስጥ ልብስና የማያንሸራትት ጫማ እዚያው ይገዛል። ውዱእ አድርጎ ካጠለቀው በኋላ ኹፉ ላይ ማበስ መቻሉ ምን ያህል እዝነት እንደሆነ በዚያ ብርድ ይገባዋል። ሳውና የሚሉት የእንፋሎት መታጠቢያ አለ፤ ራቁት ነው የሚገባው፤ «ይቅርታ» ብሎ ለሚቀር ማንም ቅር አይለውም።

ሐራ ስንመለስ ከመናኸሪያ እስከ ቤት ያለው አጭር መንገድ በሰላምታ ብዛት አልገፋ አለን። ቡናው ተፈልቶ ጎረቤቱ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲያወራ እኛ ስኒያችንን ይዘን ጥግ ላይ ተቀምጠናል። «ምነው ልጄ፣ ዝም አልህሳ?» አሉ እናታችን። ጎረቤት እስኪበተን ጠብቀን ያን የስልኩን ነገር ነገርናቸው።

«ድምፅህ ነግሮኝ ነበር» አሉና ቶናውን ቀዱልን።