ጆሮ የሌለው ልብ ወለድ

ጎጀብን ተሻግሬ ቦንጋ ስገባ ሻንጣዬ ውስጥ መቶ ስልሳ ገጽ የእጅ ጽሑፍ ነበረኝ። ልብ ወለድ ነው። (በዚህች አገር ጋዜጠኛ ሆኖ መሳቢያው ውስጥ ልብ ወለድ ያልደበቀ ካለ እጁን ያውጣ!) ታሪኩ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተይዞ መንግሥቱ የወደቀበት ዘመን ነው። መጻሕፍት አገላብጫለሁ። ፍሪድሪክ ቢበር የሚባል ኦስትሪያዊ ስለ ከፋ ሕዝብ ሁለት ቅጽ ጽፎ ካሳተመ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ከእሱ የተቀዳውንም፣ የእኛዎቹ የጻፉትንም ለቃቅሜያለሁ። ዓመተ ምሕረቱን አውቃለሁ፣ የጦር አለቆቹን ስም አውቃለሁ። ታዲያ ምን ቀረኝ? ብዬ ነበር።

ያረፍኩበት ቤት እመቤት ሰባን ያለፉ እናት ናቸው። ማታ ቡና እየተፈላ ሳለ «እስቲ የምትጽፈውን አንብብልን» አሉኝ። ደስ አለኝ። ምዕራፍ አምስትን አነበብኩላቸው። የለቅሶ ምዕራፍ ነው፤ እኔ ስጽፈው አልቅሻለሁ። ጨርሼ ቀና ስል ፊታቸው ላይ እንባ የለም።

«ልጄ፣ ሰዎችህ አፋቸውን ይዘው ነው እንዴ የሚያለቅሱት?» አሉኝ።

«ኧረ እማማ! ‹ዋይታው አገሩን ናጠው› ብያለሁኮ።»

«እሱንማ ሰማሁ። ምን ብለው ነው? ማን አወጣው? ማን ተቀበለው? ሴትየዋስ ምን ለብሳለች? ቀለሙ ምንድን ነው?»

ምን ልበል? ዝም አልኩ። እሳቸው ግን ዝም አላሉም። ረከቦቱ ላይ እንዳቀረቀሩ በካፊ ኖኖ ዝቅ አድርገው አንድ ዜማ ጀመሩ። ሲኒዎቹ እንኳ ድምፅ ማሰማት ያቆሙ መሰለኝ። ሲጨርሱ የልጅ ልጃቸውን ተርጉሚልኝ ብላት አሰብ አደረገችና «መጀመሪያው ይመጣል፤ የቀረው ወደ አማርኛ አይመጣም» አለችኝ። መቶ ስልሳ ገጼን አጥፌ ተኛሁ። እንቅልፍ ከየት ይምጣ!

መቼም የእኛ ደራሲያን ነገር ይገርማል። አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼን ደውዬ ብነግራቸው ሳቁብኝ። «አንተ ደራሲ ነህ ወይስ አዝማሪ?» አለኝ አንዱ። ሥዕል የሠዓሊ፣ ዜማ የዘፋኝ፣ ወሬ የደራሲ…… ሁሉም በየአጥሩ! ይህን አጥር ማን አጠረው? ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ብሩሹን ከብዕሩ ለይቶት ያውቃል? አዳም ረታስ የልብ ወለዱን አሠራር ከእንጀራ ጋር አያይዞ ሲያስረዳን የምጣድና የሊጥ ጥበብ ከመጽሐፍ ጋር እንደሚነጋገር ማሳየቱ አይደለም?

ሥሩን ከፈለጋችሁ ደግሞ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ አለላችሁ። የዘጌው ሰው (ዘጌም እንደ ከፋ የቡና አገር ናት)። ወጣት ሳለ ወደ ጣሊያን የተላከው መጽሐፍ ሊጽፍ አልነበረም፤ ቱሪን ገብቶ ሥዕል ሊማር ነው። ተመልሶም እንጦጦ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥሏል። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ ኋላ «ጦቢያ» እየተባለ ያነበብነው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ እሱ ነው። ዛሬ አፋችንን ሞልተን «ልብ ወለድ» የምንለው ቃል እንኳ ከአንድ ሠዓሊ መጽሐፍ ሽፋን ላይ የወረስነው ነው ማለት ነው! የመንትዮቹን የጦቢያንና የዋሕድን መልክ ሲገልጽ ልብ ብላችሁ አንብቡት፤ እኔ በበኩሌ ቀለም ሲበጠበጥ ይሸተኛል።

አውቃለሁ፣ «ያንን ባንዳ ምን አመጣብን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነቱን ነው። ያ እጅ ለቤተ መንግሥት ሣለ፣ ንጉሥን እያወደሰ ጻፈ፣ በወረራው ዘመን ደግሞ ለፋሽስት አድሮ «አፈ ቄሳር» ተባለ። ከነፃነት በኋላ ተፈርዶበት በግዞት ሳለ በ1940 ዓ.ም. መግቢያ ያረፈው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጅማ! ያን ጊዜ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ፤ ከዚህ ከቦንጋ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ። የመጀመሪያው ልብ ወለዳችን አባት ከነብሩሹም ከነብዕሩም እዚሁ ጎረቤት አልቋል። ጥበብ መደራረብ ብቻውን ሰው አያደርግም፤ የሚከራይ እጅ ሁለት ሙያ ቢኖረው ሁለቴ ይከራያል። እሱንም አልደብቅም።

አሁን ደግሞ የኪራዩን ነገር እዚሁ ቦንጋ ላይ ላሳያችሁ። ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ ታፔላ የሚጽፍ አንድ ወጣት ተዋውቄያለሁ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ተመሥርቶ ቦንጋ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ቢሮው በዝቷል፤ ቢሮ ሲበዛ ታፔላ ይበዛል፤ ልጁም ሥራ አላጣም። ሥራው ግን ምንድን ነው? መፈክርና ጀበና። በዓል በመጣ ቁጥር ጀበና ሣል ይሉታል። «ከጀበና ሌላ ነገር መሣል ይከለከላል እንዴ?» ብለው ሳቀ። ከባንኮኒው ሥር አራት ደብተር አወጣ። ታሪክ ነው። በየገጹ ኅዳግ ላይ ደግሞ ሥዕል አለ፤ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ሰው፣ ጭጋግ የዋጠው ጫካ፣ ጀርባዋን የሰጠች ሴት። እኔ ምዕራፍ አምስት ውስጥ ያጣሁት ሁሉ እዚያ ኅዳግ ላይ ተቀምጦልኛል! አንድ መሥሪያ ቤት ካሠራው ሥራ የቀለሙን ብቻ እንደከፈለው፣ የእጁ ዋጋ ግን ወር አልፎት እንዳልመጣ ያጫወተኝ ቡና ስንጠጣ ነው።

የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ቦንጋ የቡና ሙዚየም አላት፣ እሰየው። የከፋ ደን ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ ተመዝግቧል፣ እሱም እሰየው። ዜማ ግን ኅዳር 29 ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ አጨብጭበንለት የሚመለስ እንግዳ ነው። «ባህል» የሚል ስም ሰጥተን ልብስ እናለብሰዋለን፣ ካሜራ እናዞርበታለን፣ በአበል አሳፍረን እንሸኘዋለን። ያችን አሮጊት «ይህን ዜማ ማን አስተማረዎት? በማን ሞት ላይ ተባለ?» ብሎ የጠየቀ ባለሥልጣን አለ? የ1890ን ነገር አሸናፊው ጽፎታል፤ የተሸነፈው አልቅሶታል። ልቅሶውን ሳይሰማ ስለዚያ ዘመን ልብ ወለድ የሚጽፍ፣ እኔን ጨምሮ፣ የሪፖርት ግልባጭ ነው የሚጽፈው።

ካድሬ የጥበብ አዳራሽ ይሥራልን አላልኩም። ከሠራውማ ሰብሳቢ ይሾምበታል! የምለው ለእኛው ለጸሐፊዎቹ ነው። አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ልጁ ቀለሙን ይዞ፣ እማማ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ ደራሲ ነኝ ባይ ደግሞ አፉን ዘግቶ ቢያመሽ ምን ይጎድልብናል? ኪራዩ አዲስ አበባ በአንድ ምሽት ለቢራ ከምናወጣው አይበልጥም፤ ጠይቄያለሁ።

ምዕራፍ አምስትን ቀድጄዋለሁ። ከልጅቷና ከታፔላ ጸሐፊው ጋር እንደ አዲስ እየሠራነው ነው። እሷ ትተረጉማለች፣ እሱ ይሥላል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ እማማ ይሰርዛሉ። የመጀመሪያዋ ስንኝ ብቻ ሦስት ማታ ፈጅታብናለች።