ያልተለካ ውኃ ንጹሕ ነው አይባልም

ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ሚኤሶ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ቦርደዴ፣ እንደ ሌሎቹ የምዕራብ ሐረርጌ የመንገድ ዳር ከተሞች ሁሉ፣ ኑሮዋ ከተሽከርካሪና ከነዳጅ ጋር የተሳሰረ ነው። ምድሯ ቆላ፣ ዝናቧም አነስተኛ በመሆኑ የከርሰ ምድር ውኃ ታላቅ ዋጋ አለው። ይሁን እንጂ ነዳጅ ማደያዎችም ታንካቸውን የሚቀብሩት በዚያው መሬት ውስጥ ነው። ቦርደዴን በምሳሌነት ስናነሣ ውኃዋ ተበክሏል ለማለት አይደለም፤ ተበክሏል ወይም አልተበከለም ለማለት የሚያስችለው የቤተ ሙከራ ምርመራ ብቻ መሆኑን ለማስገንዘብ ነው።

አስቀድመን አንድ የቃል መደናገር እናጥራ። በዕለት ተዕለት አማርኛ «ቤንዚን» የምንለው ነዳጅ የብዙ ውህዶች ድብልቅ ነው። ኬሚስቶች በዚሁ ስም የሚጠሩት ግን ስድስት የካርቦንና ስድስት የሃይድሮጂን አቶሞች ያሉትን አንድ ውህድ ሲሆን፣ እርሱም በነዳጁ ውስጥ በጥቂቱ ይገኛል። ይህ ውህድ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል ተረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ገደብም በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ነው። አንድ ሊትር ነዳጅ 740 ግራም ያህል ቢመዝንና 1 በመቶው ይህ ውህድ ቢሆን፣ 7.4 ግራም እናገኛለን። ይህ ሁሉ ቢሟሟ 740,000 ሊትር ውኃ ከገደቡ ላይ ያደርሳል። ተማሪዎች ስሌቱን ራሳቸው ሠርተው ያረጋግጡ።

«ቢበከል ኖሮ ይሸተን ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። ይሁን እንጂ የዚህ ውህድ ሽታ በውኃ ውስጥ የሚታወቀው መጠኑ በሊትር ወደ 10 ሚሊ ግራም ሲደርስ፣ ማለትም ከገደቡ አንድ ሺህ እጥፍ ሲሆን ነው። ለጉድጓድ ውኃ በተለምዶ የሚደረገው ምርመራም የጀርሞችን፣ የጨውንና የፍሎራይድን መጠን እንጂ የነዳጅን አያሳይም። ስለዚህ «ለመጠጥ ተስማሚ ነው» የሚል ወረቀት ስለ ነዳጅ ምንም አልመሰከረም።

ነዳጅ ከውኃ ስለሚቀል በከርሰ ምድሩ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ የሚሟሟው ክፍሉ ደግሞ ከውኃው ጋር ይጓዛል። ይህን ለይቶ የሚለካው መሣሪያ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ይባላል። መሣሪያው የቱንም ያህል ረቂቅ ቢሆን ግን ናሙናው በመንገድ ከተበላሸ ዋጋ የለውም። በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ በቆላው ሙቀት መኪና ውስጥ የዋለ ውኃ በቀላሉ የሚተኑ ውህዶቹን ያጣል፤ ውጤቱም ሐሰተኛ ምሥራች ይሆናል። ትክክለኛው አሠራር ውኃውን አየር በማይቀርበት አነስተኛ የመስታወት ብልቃጥ ሞልቶ፣ ጥቂት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምሮ፣ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አቀዝቅዞ በ14 ቀን ውስጥ መመርመር ነው። የአፈር ናሙናም ወዲያው በሜታኖል ውስጥ ይጠበቃል። እርሳስ ያለበት ቤንዚን እ.ኤ.አ. እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ይሸጥ ስለነበር፣ በአሮጌ ማደያዎች አፈር ውስጥ የእርሳስ መጠንም ሊለካ ይገባል።

«መሣሪያው ውድ ነው» የሚለው መከራከሪያ እውነትነት ቢኖረውም በቂ ምክንያት አይደለም። በየከተማው መሣሪያ መትከል አያስፈልግም። ከቦርደዴ አዲስ አበባ በአንድ ቀን ይደረሳል፤ የተፈቀደው ጊዜ ግን 14 ቀን ነው። የጎደለው ብልቃጡ፣ በረዶውና የሠለጠነ እጅ ነው። ይህን ደግሞ በጭሮ የሚገኘው የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲሁም የሐረማያና የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲዎች ከተማሪዎቻቸው ጋር ሊያሟሉት የሚችሉት ነው ብለን እናምናለን።

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው ግን ስለ መነሻ ልኬት ነው። አዲስ ማደያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የአካባቢው አፈርና ውኃ ተለክቶ ካልተመዘገበ፣ ኋላ የሚገኘው ብክለት ከማን እንደመጣ ማስረዳት አዳጋች ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው በግሉ መጎዳቱን ማሳየት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቅዷል። መብቱ ማስረጃ ይሻል፤ ማስረጃውን ማዘጋጀት ደግሞ የሳይንስ ትምህርት ክፍሎች ድርሻ ነው። የውኃ ጉድጓድ ከተበከለ በኋላ ማጽዳት ብዙ ዓመታት ይፈጃል፤ አስቀድሞ መለካት ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው።