ሳይነበብ የተፈረመ



የመጀመሪያ ልጃችን 5ኛ ክፍል ሳለ የክፍል ኃላፊ መምህሩ ጠሩን። ኮሙኒኬሽን ቡኩን ዘርግተው፣ «የሒሳብ የቤት ሥራ አይሠራም ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ሦስቴም ፈርማችኋል» አሉን። ፊርማው የባለቤቴ ነው። ለአገልግሎት ስንጣደፍ በር ላይ ሳያነብ ፈርሞ ኖሯል። (እኔማ ደብተሩን ገልጬም አላውቅ!)

በዚህ ክፍል መምህራን ከእኛ የሚጠብቁት የቤት ሥራውን እንድንሠራለት አይደለም፤ መሥራቱን እንድናይ፣ ሲቀር ምክንያቱን እንድናሳውቅ፣ አንብበን እንድንፈርም ነው። አዲስ አበባ ላይ 6ኛ ክፍል ሲደርሱ ከተማ አቀፍ ፈተና አለ፤ ጊዜው ሩቅ አይደለም።

ማታ ባለቤቴ ልጁን ይቅርታ ጠየቀው።

«አባዬ፣ እንደማታነበው አውቅ ነበር» አለው ልጁ።

ከዚያ ወዲህ ደብተሩ ከእራት በፊት ይነበባል። የጸሎት ፕሮግራም ባለን ቀን ግን ጠዋት ነው።