ከሰሉ ይሄዳል፤ ጢሱ ይቀራል



ሰው ያለ ምግብ ብዙ ቀን፥ ያለ ውሃም ጥቂት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ያለ አየር ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይም። ይሁን እንጂ ስለ እህሉና ስለ ውሃው ንጽሕና የሚጨነቅ ሰው ስለሚተነፍሰው አየር ሲጠይቅ እምብዛም አይሰማም። ስለዚህ በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ፥ በአዊ ምድር በበጋ ወራት ስለሚያስቸግረን ጢስ ያለኝን ሐሳብ ለመግለጽ እወዳለሁ።

በክረምት የእንጅባራና የዳንግላ አየር የታጠበ ነው። ዝናሙ ትቢያውንም ጢሱንም ወደ መሬት ያወርደዋልና። በጋ ሲገባ ግን ዝናሙ ይቆማል፤ የከሰሉም ሥራ ይበረታል። አገራችን ደጋ ስለ ሆነ ሌሊቱ ብርድ ነው። በብርድ ሌሊት መሬቱ ያቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ ከበላዩ ያለው ሞቃት አየርም እንደ ድስት ክዳን ይከድነዋል። ስለዚህ ማታ የወጣው ጢስ መውጫ አጥቶ፥ ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ በሸለቆውና በመንደሩ ላይ ያድራል። እኛም ጧት ወደ ትምህርት ቤት የምንሄደው ያንኑ እየሳብን ነው።

ይህን ስል ከሰል አክሳዩን ለመውቀስ አይደለም። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ባለው በፋግታ ለኮማ ወረዳ፥ መሬቱ በአሲድነት ተጎድቶ እህል አልሰጥ ባለ ጊዜ፥ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የአውስትራልያ ግራር ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋራ ጤፍ ይዘራል፤ ዛፉን በአራትና በአምስት ዓመት ቆርጦ ያከስለዋል፤ ከሰሉም በጭነት መኪና እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ተራቁቶ የነበረው ኮረብታ ለመለመ። በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ ዛፉን ክፉኛ ቢጎዳውም፥ ከመካከላችን ደብተሩና ጫማው በከሰል ገንዘብ የተገዛለት ተማሪ ብዙ ነው። ስለዚህ «ከሰል ፈጽሞ ይከልከል» የሚለውን ሐሳብ እኔ አልደግፍም።

ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። ከሰል ማለት ጢሱ አስቀድሞ የወጣለት እንጨት ማለት ነው። የአዲስ አበባዋ እመቤት በከሰል ቡና ስታፈላ ቤቷ በጢስ የማይሞላው፥ ጢሱ ከእኛ ዘንድ ስለ ቀረ ነው። የጆንያው ዋጋ ሲቆረጥ እንጨቱና ጉልበቱ ይታሰባሉ፤ የእናቶች ሳልና የሕፃናት ዓይን መቅላት ግን አይታሰቡም።

የዚህ ጢስ ጉዳት በዓይን በሚታየው ብቻ አያበቃም። በውስጡ ከሰው ፀጉር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል የሚያንስ ደቃቅ ብናኝ አለበት፤ ይህም እስከ ሳንባ ጥግ ዘልቆ የመተንፈሻና የልብ በሽታ ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ የዚህ ብናኝ የዓመት መካከለኛ ልክ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል።

አንዳንድ ሰዎች «ጢሱ እኮ እንጀራችን ነው» ይላሉ። የሎንዶን ሰዎችም የጭስ ማውጫቸውን የሥራና የብልጽግና ምልክት አድርገው ያዩት ነበር። ከኅዳር 26 እስከ 30 ቀን 1945 ዓ.ም. ግን ልክ እንደኛው ያለ የብርድ አየር የድንጋይ ከሰሉን ጢስ በከተማው ላይ ከደነው። በጊዜው የሞተው ሰው 4,000 ያህል ይሆናል ተብሎ ተገመተ፤ በኋላ የተደረገ ጥናት ግን ቁጥሩን ወደ 12,000 አደረሰው። እንግሊዞችም በ1948 ዓ.ም. የአየር ንጽሕና ሕግ አወጡ እንጂ ሥራቸውን አልተዉም።

ደግሞም ጢስ ትርፍ ሳይሆን ኪሳራ ነው። እንጨቱን ከምሮ በሣርና በአፈር ሸፍኖ በማክሰል፥ ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ብቻ ነው። በሴኔጋል አገር በካሳማንስ የተጀመረው ጭስ ማውጫ ያለው ክምር ግን በሚገባ ከተያዘ ከዚህ የበለጠ ከሰል ይሰጣል። እንግዲህ የተሻለ አሠራር ያለው ገበሬ ከዚያው እንጨት አንድ ጆንያ ቢጨምር፥ ትርፉ ለራሱ፥ ጤናው ለሁላችን ነው።

ስለዚህ ለወላጆቻችን በትሕትና የማቀርበው ልመና ይህ ነው። የከሰሉ ክምር ከመኖሪያ ቤትና ከትምህርት ቤት ይራቅ፤ ነፋሱ ወደ መንደር የሚነፍስበትም ቦታ አይሁን። እርጥብ እንጨት ጢሱ ብዙ ነውና በደንብ ይድረቅ። ጭስ ማውጫውን ለመግዛት ለአንዱ ቢከብደው ጎረቤታሞች በማኅበር ይግዙት፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ብርዱ ቢጠናም የከሰል ምድጃ በተዘጋ ቤት ውስጥ አሳድረን አንተኛ፤ ከፍሙ የሚወጣው መርዝ ሽታም መልክም ሳይኖረው ይገድላልና።

እኛ ተማሪዎችም ዝም ብለን አንቀመጥ። በየጧቱ ከግቢያችን ሆነን ከፊታችን ያለው ተራራ መታየቱንና አለመታየቱን ከኅዳር እስከ ግንቦት በደብተር እንመዝግብ። ይህ ሥራ ከእርሳስና ከትጋት በቀር ምንም አይጠይቅም፤ በዓመቱ መጨረሻ ለወላጆቻችንና ለወረዳው ሹማምንት የምናሳየው ማስረጃ ይሆናል።

አባቶቻችን የተራቆተውን ኮረብታ በዛፍ አልብሰውታል። በዚያ ላይ ያለውን አየር ማጥራት ደግሞ የእኛ ትውልድ ተራ ነው።