መስታወቱ ሲሞቅ የማሳው ድንበር ይደበዝዛል

በታኅሣሥ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ሌሊቱን ውርጭ ያድራል፤ ረፋዱ ላይ ግን ፀሐይዋ ትበረታለች። በዚህ ሰዓት የቆርቆሮ ጣሪያ ሲንቋቋ የሰማ ሰው ቁስ በሙቀት እንደሚለጠጥ ያውቃል። ከሜዳው በላይ፣ በእንጦጦ ተራራ 3 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተተከሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም።

አንድ ሜትር ብረት ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር በሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ለቤት ሠሪ ይህ ከቁጥር አይገባም። የሚታይ ብርሃን ሞገድ ግን ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ያነሰ በመሆኑ፣ መስታወት ከዚያ ባነሰ መጠን ቅርጹን ቢለውጥም ምስሉ ይደበዝዛል።

መፍትሔው የተገኘው ከክሪስታል ነው። የጀርመኑ ሾት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1968 የሠራው ዜሮዱር በውስጡ እጅግ ደቃቅ ክሪስታሎችን ይዟል። ሲሞቅ ክሪስታሎቹ ይኮማተራሉ፤ በዙሪያቸው ያለው መስታወት ደግሞ ይለጠጣል። እኩል ጉልበት ያላቸው ሰዎች ገመድ ሲጓተቱ ገመዱ ባለበት እንደሚቀር ሁሉ፣ ቁሱም መጠኑን ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የቻይና ተመራማሪዎች ከዚንክ፣ ከቦሮንና ከኦክሲጅን የተሠራ ክሪስታል ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ እስከ ዜሮ አካባቢ ባለው ቅዝቃዜ መጠኑን እንደማይለውጥ አሳይተዋል።

ነገሩ ለአርሶ አደሩ ሩቅ አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ዋና ተልእኮ ግብርናንና አካባቢን መቃኘት ነበር። እንዲህ ያለች ሳተላይት ምድርን በ100 ደቂቃ ገደማ ስትዞር ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላም ወደ ፀሐይ ትመላለሳለች፤ የካሜራዋም አካል በዚያው ልክ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል።

በምስሏ ላይ አንዲት ነጥብ የምትወክለው 14 ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን መሬት ነው። ሩብ ሔክታር ማሳ በየጎኑ 50 ሜትር ቢሆን፣ በምስሉ ላይ በየጎኑ አራት ነጥብ እንኳ አይሞላም። ድንበሩ በአንዲት ነጥብ ከደበዘዘ ከማሳው የሚበዛው ክፍል ከጎረቤቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ጤፉ ከሣሩ፣ እርሻው ከአዲሱ ቤት አይለይም።

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ እርሻና ግንባታ ጎን ለጎን ናቸው። ትልቅ ሰፊ እርሻ ባለበት አገር የአንዲት ነጥብ ስሕተት ትታለፋለች፤ እዚህ ግን የአንድ ቤተሰብ ምርት ናት።

የሙቀት መረጋጋት ብቻውን ትክክለኛ ካርታ አያስገኝም፤ ባለሙያው መስክ ወርዶ ማመሳከሩ ግድ ነው። ሆኖም አገሪቱ ቀጣይ ሳተላይት ስታስመጥቅ ከዋጋውና ከምስሉ ጥራት ጋር አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት፦ ካሜራው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይጠብቃል? መልሱ የሚፈተነው በጠባቡ ማሳ ድንበር ላይ ነው።